ወባን በኢንዛይሙ መለየት፦ ከአዳማ እስከ ባቱ

ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ፣ በአጭሩ ኤልዲኤች፣ ሕዋሳት ከስኳር ኃይል ሲያወጡ የሚጠቀሙበት ኢንዛይም ነው። በሰው ጡንቻ፣ ጉበትና ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ይገኛል፤ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚራባው የወባ ተህዋሲም የራሱ አለው። የሁለቱ ሥራ አንድ ቢሆንም ቅርጻቸው ይለያያል፤ የተህዋሲው ኢንዛይም በሰው ኢንዛይም የሌሉ አምስት ተጨማሪ አሚኖ አሲዶች አሉት። የወባውን ይዞ የሰውን የሚተው ፀረ እንግዳ አካል መሥራት የተቻለው በመካከላቸው ልዩነት ስላለ ነው።

የአሠራሩን መሠረት እ.ኤ.አ. በ1975 የጣሉት ኮህለርና ሚልስታይን ናቸው። አይጥ በሚፈለገው ፕሮቲን ትወጋለች፤ ከጣፊያዋ የሚወጡት ሕዋሳት ከካንሰር ሕዋሳት ጋር ይዋሐዳሉ። ከእነዚህ የተመረጠ አንድ ሕዋስ ሲራባ ዘሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ሞኖክሎናል የሚባለው ይህ ነው። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1984 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

በወባ መመርመሪያ ኪቶች ውስጥ የሚሠራው ይህ ቴክኖሎጂ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። የወንጂ የሸንኮራ እርሻ፣ የቆቃ ግድብና የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻዎች ለወባ ትንኝ የተመቹ ናቸው። ወባው ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የታየችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በኋላ በመተሐራ፣ በአዳማና በባቱም ተገኝታለች። በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ስለምትራባ ወባን የከተማም በሽታ ታደርገዋለች።

በጤና ኬላ የምርመራው ሂደት አጭር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣት ወግታ ትንሽ ደም ኪቱ ላይ ታሳርፋለች፤ ፈሳሽ ታንጠባጥብና 15 እስከ 20 ደቂቃ ትጠብቃለች። ደሙ በወረቀቱ ላይ ሲጓዝ ፀረ እንግዳ አካሉ ዒላማውን ካገኘ ባለቀለም መስመር ይወጣል። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ውጤቱ አይያዝም።

በኢትዮጵያ በስፋት ያገለገሉት ኪቶች ከወባ ተህዋሲ ዓይነቶች ፋልሲፓረምን ኤችአርፒ2 በተባለ ፕሮቲን፣ ቫይቫክስን ደግሞ በኤልዲኤች ይለያሉ። ኤችአርፒ2 በሽተኛው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት በደም ውስጥ ስለሚቆይ የቀድሞ ሕመም አዲስ ሊመስል ይችላል። ኤልዲኤች ግን ተህዋሲው ሲሞት ቶሎ ይጠፋል።

ዋናው ፈተና ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ የኤችአርፒ2 ጂን በመጥፋቱ ምክንያት 9.7 በመቶ የሚሆነው የፋልሲፓረም ሕመም በኪቱ እንደሚታለፍ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ኪት እንዲቀየር የሚመክረው መጠኑ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ተህዋሲው ያለ ኤችአርፒ2 መኖር ይችላል፤ ኃይል የሚያገኝበትን ኤልዲኤች ግን በቀላሉ አይጥለውም። ፋልሲፓረምንም በኤልዲኤች መለየት አስተማማኝ የሚሆነው ለዚህ ነው። ድክመቱ በደም ውስጥ ያለው ተህዋሲ ጥቂት ሲሆን ሊያመልጠው መቻሉ ነው። ኪቱ በከፍተኛ ሙቀት ከተቀመጠም ይበላሻል፤ እንደ መተሐራ ባለ ቆላ አያያዙ ጥንቃቄ ይሻል።

ሕክምናው ደግሞ የሰውን ኢንዛይም ይመለከታል። ቫይቫክስ በጉበት ተደብቆ ስለሚያገረሽ ፕሪማኩዊን ይታዘዛል፤ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም ያነሰው ሰው ግን መድኃኒቱን ሲወስድ ቀይ የደም ሕዋሱ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ የተህዋሲው ዓይነት ብቻ ሳይሆን የታማሚው ኢንዛይምም መታወቅ አለበት።

ኪቱ «ነጋቲቭ» ካለ በኋላ ትኩሳቱ ከቀጠለ ጉዳዩ እንዳለቀ መቁጠር አይገባም። ታማሚው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን በማይክሮስኮፕ ያስመርምር።