ኩሽኔታውን ያስወደደው ዶላሩ ብቻ አይደለም

ጅግጅጋ ላይ የአሮጌ ጭነት መኪና ባለቤቶች ነዳጁን ለጊዜው ትተው ስለ እግር ሥራ ማማረር ይዘዋል። የአይሱዙ የፊት ጎማ አንዴ ከተፈታ ሁለቱ ኩሽኔታ፣ ጎሚኒው፣ የፍሬን ሸራውና ታምቡሮው በአንድ ላይ ይጠየቃሉ። ሒሳቡ ሲደመር ከጭነት የተረፈችውን ጠራርጎ ይወስዳል። ፒክአፕ ያለውም በታምቡሮ ፋንታ ዲስክ ይገዛል እንጂ እሮሮው ያው ነው። ለዚህ ዋጋ ሁለት ምክንያት ሲሰጥ እሰማለሁ። አንደኛው «ነጋዴው ስግብግብ ሆነ» የሚል ነው። ነጋዴው ግን አምናም ካቻምናም ትርፍ ይወድ ነበር፤ ያልተለወጠ ጠባይ የተለወጠን ዋጋ አያስረዳም። ሁለተኛው «ዶላር እጥፍ ስለሆነ ዕቃውም እጥፍ ሆነ» ይላል። ይህኛው ግማሽ እውነት አለው። የተሳሳተው ግማሹ ግን ብዙ ያስከፍለናልና ዛሬ እዚያ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ።

በቅድሚያ ነገሩ በሐረር–ጅግጅጋ መስመር ለምን እንደሚብስ እንይ። ከሐረር ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መኪና ባቢሌን አልፎ ቆላውን ካቋረጠ በኋላ የካራማራን ተራራ ወጥቶ ነው ጅግጅጋ ሜዳ ላይ የሚወርደው። ከድንበሩ ከቶጎ ውጫሌ ጭኖ ወደ መሀል አገር የሚመለሰው ደግሞ ከወዲህ ወጥቶ ከወዲያ ይወርዳል። በማርሽና በጭስ ማፈኛው ሳይታገዝ በእግር ፍሬን ብቻ የሚወርድ አሮጌ አይሱዙ ታምቡሮውን ያግላል። ሙቀቱ ኩሽኔታው ወደተገጠመበት ሞዞ ይዘልቃል፤ ግራሶው ይቀልጥና ያረጀውን ጎሚኒ አልፎ ይወጣል፤ ሸራው ላይ ሲደርስ መኪናው ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ አንድ ወገን ይስባል። ግራሶ ያጣው ኩሽኔታ ደርቆ ይሽከረከራል። መካኒኩ በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ሲያወዛውዘው ቋ ቋ ይላል፤ ሞዞው ሲፈታ የኩሽኔታው ብረት በሙቀት ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ ዋጋው ሥራ ይጀምራል። ገንዘብ ያጠረው ባለቤት የኩሽኔታውን ተሽከርካሪ ክፍል ብቻ አስቀይሮ በሞዞው ውስጥ የተቀረቀረውን አሮጌ ቀለበት ይተወዋል። የተበላ ቀለበት ላይ የሚሄድ አዲስ ኩሽኔታ ዕድሜ የለውም። ታምቡሮውንም አዲስ ከመግዛት ቶርኖ ቤት ወስዶ የተቦረቦረውን ፊት ያስተካክላል። ታምቡሮ ሲመረት እስከ ስንት ሚሊሜትር ቢሰፋ እንደሚጣል ልኩ ላዩ ላይ ተጽፎ ይወጣል። ቶርኖ በገባ ቁጥር ብረቱ ይሳሳል፤ የሳሳ ብረት ደግሞ ቶሎ ይግላል። በሚቀጥለው ቁልቁለት ግራሶው ቀድሞ ይቀልጣል። መካኒኮቹ ይህን ሁሉ አሳምረው ያውቃሉ። የሚመርጠው ግን ከፋዩ ነው፣ የከፋዩ ምርጫም ከመለዋወጫ ሱቁ ዋጋ አያልፍም።

አሁን ወደ ዋጋው። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ የሚለጥፈው የዶላር ዋጋ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቁር ገበያ ደግሞ ከ110 ብር በላይ። የመለዋወጫ አስመጪ በባንኩ ዋጋ ዶላር የሚያገኘው ወረፋው ከደረሰው ነበር፣ ወረፋው ደግሞ ማለቂያ አልነበረውም። ስለዚህ ብዙው ዕቃ በሌላ መንገድ በተገኘ ዶላር ይገባ ነበር። የገበያን ዋጋ የሚወስነው በርካሽ ያመጣው ሳይሆን ያለ እሱ ዕቃ ገበያው የማይሞላው የመጨረሻው አምጪ ነው። በ57 ብር ኤልሲ የተከፈተለት ነጋዴም ኩሽኔታውን የሸጠው በጥቁር ገበያው ሒሳብ ነበር፤ ልዩነቱ ኪሱ ገባ። ገዢው በ57 ብር ዶላር ተሰልቶ የተሸጠ ኩሽኔታ አይቶ አያውቅም። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው በሱቁ መደርደሪያ ላይ እጥፍ የሚሆን ነገር አልነበረም፤ መደርደሪያው ቀድሞ ጨምሮ ነበርና።

ጉምሩክ ግን የራሱ ሒሳብ ነበረው። ዕቃው በየትኛውም ዶላር ይምጣ፣ ቀረጥና ታክሱ የሚታሰበው በባንኩ ዋጋ ነው። በ115 ብር ዶላር የተገዛ ዕቃ በ57 ብር ተመንዝሮ ይቀረጥ ነበር። ማንም አዋጅ ሳያወጣለት፣ ማንም «ቅናሽ» ብሎ ሳይጠራው፣ የቀረጡ እውነተኛ ክብደት ለዓመታት በግማሽ ቀልሎ ኖሯል። ምንዛሪው ሲለቀቅ የጠፋው ይህ ነው።

በቁጥር ላሳይ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። ወደብ ደርሶ 100 ዶላር የሚያወጣ ኩሽኔታና ታምቡሮ አለ እንበል፤ ቀረጥ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሱር ታክስና የቀሩት ሁሉ ተጠቃለው የዕቃውን ዋጋ 40 በመቶ ይሆናሉ እንበል። ከለውጡ በፊት አስመጪው ለዶላሩ በ115 ብር ሒሳብ 11,500 ብር ያወጣል። ጉምሩክ ዕቃውን 5,700 ብር ብሎ ተምኖ 2,280 ብር ይወስዳል። ድምሩ 13,780 ብር ነው። ከለውጡ በኋላ በ2017 አጋማሽ አካባቢ በነበረው 125 ብር ስናሰላ ዶላሩ 12,500 ብር፣ ታክሱ 5,000 ብር፣ ድምሩ 17,500 ብር ይሆናል። ጭማሪው 3,720 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ የዶላሩ ድርሻ 1,000 ብር ብቻ ነው፤ 2,720ው ታክስ ነው። የታክሱ መጠን በመቶኛ አንድም አልተነካም፣ የተነካው የሚሰላበት መሠረት ነው። ከጭማሪው ሦስት አራተኛ የሚጠጋውን የወሰደው ሁላችንም የምናማርረው ነጋዴ ሳይሆን የመንግሥት ካዝና ነው።

ይህም ታክስ የሚከፈለው ዕቃው ከመጋዘን ሳይወጣ፣ በጥሬ ገንዘብ ነው። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮችን የብድር ዕድገት በዓመት 14 በመቶ ላይ ገደበ፤ በኋላ ወደ 18 ከፍ አደረገው። አስመጪው ለቀረጥ ከሁለት እጥፍ በላይ ገንዘብ በሚፈልግበት ወቅት ባንኩ እጁን ያሰረበት መሆኑ ነው። ገንዘብ ያነሰው አስመጪ የሚያስገባውን ይቀንሳል፤ ያስገባውንም ያስወድዳል።

የካራማራ መስመር ነገር ከሌላው አገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ምንዛሪው አንድ ሲሆን ኮንትሮባንድ ይደርቃል ተብሎ ነበር። ለወርቅ እውነት ሆኗል፤ ለብሔራዊ ባንክ የሚቀርበው ወርቅ እጅግ ጨምሯል። ወርቁን ወደ ውጭ ያሸሽ የነበረው የምንዛሪ ልዩነቱ ነበርና። ወደ ውስጥ የሚገባውን ዕቃ የሚስበው ግን ቀረጥ ነው። ከላይ ባሰላነው ምሳሌ በቶጎ ውጫሌ በኩል በስውር ያስገባ ሰው ከለውጡ በፊት በየ100 ዶላሩ 2,280 ብር ያተርፍ ነበር፤ ከለውጡ በኋላ 5,000 ብር ያተርፋል። ኬላ የማለፍ ጥቅም ከእጥፍ በላይ ሆነ። ለኮንትሮባንድ የሚፈለገውን ዶላር ጥቁር ገበያው አሁንም በውድ ይሸጣል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ትርፉንም በመጠኑ ይቀንሳል። ግን በዚህ ድንበር ብዙው ዶላር ከሻጭ አይገዛም። ከሶማሌ ክልል የሚነዳው ግመል፣ ከብትና በግ በርበራ ወደብ ደርሶ ይሸጣል፣ ገንዘቡም ሸቀጥ ሆኖ ይመለሳል። ባንክ በር ረግጦ የማያውቅ ገንዘብ የባንክ ምንዛሪ ሲለወጥ ብዙም አይነካውም።

በዚህ መንገድ ከሚገባው ዕቃ ሁሉ ኩሽኔታ በጣም ያሳስበኛል። ደረሰኝ የሌለው ሸሚዝ ቢቀደድ ባለቤቱ አዝኖ ሌላ ይገዛል። ደረሰኝ የሌለው ኩሽኔታ ቁልቁለት ላይ ሲበላ ከፋዩ ገዢው ብቻ አይደለም። በኮዮና በኤንቲኤን ስም ታሽገው የሚሸጡ ሐሰተኛ ኩሽኔታዎች የዓለም ሁሉ ችግር ናቸው፤ ታላላቆቹ አምራቾች ተባብረው ዘመቻ የከፈቱባቸው በከንቱ አይደለም። በእውነተኛው ኩሽኔታ ቀለበት ላይ ያለው ቁጥር ተቀርጾ ነው የሚወጣው፣ ከካርቶኑም ጋር ይገጥማል። የሐሰተኛው ቁጥር በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ሲታሽ የሚደበዝዝበት ጊዜ አለ። ሕጋዊው ዕቃ በታክስ ሲከብድ ቀረጥ ከፍሎ እውነተኛውን ያመጣ ነጋዴ ሐሰተኛ ከሚሸጠው ጎረቤቱ ጋር መወዳደር ያቅተዋል። ጥሩው ዕቃ ከገበያ ይወጣል።

ይህ ሁሉ በሚታተሙት ቁጥሮች ውስጥ አይታይም፤ እኔም ለቁጥሮቹ ያለኝ እምነት ትንሽ ነው። የዋጋ ግሽበት በ2017 መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ ተብሏል። የስታቲስቲክስ አገልግሎቱ የሚለካው የቤተሰብን ቅርጫት ነው፤ የጭነት መኪና ታምቡሮ ገዝቶ ቤቱ የሚገባ አባወራ ደግሞ የለም። ታምቡሮው ቅርጫቱ ውስጥ የሚደርሰው ዘግይቶ፣ ሽንኩርትና ስኳር ሆኖ ነው። የጉምሩክ ገቢ አደገ ሲባልም የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። መሠረቱ ከ57 ወደ 125 ብር ሲያድግ፣ ያው ዕቃ በዚያው መጠን ቢገባ እንኳ ገቢው ከእጥፍ በላይ መሆን ነበረበት። ከዚያ ያነሰ ዕድገት የሚያሳይ ሪፖርት ቀረጥ ከፍሎ የሚገባው ዕቃ መቀነሱን ነው የሚነግረን።

የአደጋ ቁጥሩ ከሁሉም ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ኢትዮጵያ ለ2016 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበችው የመንገድ አደጋ ሞት ከ4 ሺህ በላይ ሲሆን የድርጅቱ ግምት ግን ከ27 ሺህ በላይ ነበር። የሞቱትን በዚህ መጠን ያልቆጠረ መዝገብ የሞታቸውን ምክንያት ለይቶ ቆጥሯል ብዬ ማመን ይቸግረኛል። የትራፊክ ሪፖርቶች አብዛኛውን አደጋ ለአሽከርካሪ ጥፋት ይሰጣሉ። ገደል የገባ መኪና ሞዞው ተፈቶ ኩሽኔታው ካልታየ «ከፍጥነት በላይ ማሽከርከር» የሚለውን መሙላት ይቀላል። ቦሎ ሲለጠፍም ቢሆን ጎማው በክሪክ ተነስቶ ካልተወዛወዘ የፊት እግሩ ጤና አይታወቅም።

መንግሥት ገቢ ያስፈልገዋል፤ ይህን አልክድም። ከዓለም ገንዘብ ድርጅት ጋር የተገባው የአራት ዓመት ፕሮግራምም ገቢ እንዲያድግ ያስገድዳል። ነገር ግን የትኛው ዕቃ እንደሚታገሥ የመምረጥ ሥልጣን አዲስ አበባ እጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ሱር ታክስንና ኤክሳይዝን አንስቷል። ያ እፎይታ የደረሰው አዲስ መኪና መግዛት ለሚችል ሰው ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ዕድሜው በገፋ ያገለገለ ተሽከርካሪ ላይ ከባድ ታክስ ጭኗል። ሐሳቡ አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር። የገባው አሮጌ መኪና ግን የሚተካው አጥቶ መንገድ ላይ ቀረ፤ አሁን ፍሬኑንም እናስወድድበታለን። እነዚህን ሁለት ውሳኔዎች አንድ ላይ ሳያቸው ስህተት ነው ከማለት ሌላ ቃል የለኝም።

ማስተካከያው ጠባብ ሊሆን ይችላል። በታሪፍ መጽሐፉ የሾጣጣ ኩሽኔታ ንዑስ አንቀጽ 8482.20 ነው፤ የተሽከርካሪ ፍሬንና ክፍሎቹ 8708.30 ናቸው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ላይ ሱር ታክሱንና ቀረጡን ማንሳት ከጠቅላላ ገቢው የሚያጎድለው እጅግ ጥቂት ነው። «ነጋዴው ሌላውን ዕቃ ሁሉ ፍሬን ነው ብሎ ያስገባል» የሚል ተቃውሞ ይመጣል። ኩሽኔታና ታምቡሮ ግን ካርቶኑ ሲከፈት ከሌላ ዕቃ ጋር የሚምታቱ አይደሉም፤ ተቆጣጣሪውን የሚያስቸግሩት በቅንጣት የሚለያዩ ጨርቃ ጨርቅና ኬሚካሎች ናቸው። ታክሱ ሲቀል የቶጎ ውጫሌው ትርፍም አብሮ ይቀልላል፤ ኬላ በማብዛት ያልተገኘ ውጤት ነው።

ይህ ካልተደረገ የሚከተለው አሁንም እየታየ ነው። ከሐረርጌ አትክልት ጭኖ ጅግጅጋ የሚገባው አይሱዙ የጥገናውን ወጪ ጭነቱ ላይ ይጥለዋል፣ ቸርቻሪው ሽንኩርቱ ላይ። ከአወዳይ ጫት ይዞ ወደ ድንበር የሚበረው መኪና ሰዓት ስለማይጠብቀው ፍሬኑ ቢታመምም አይቆምም። ሁለት መኪና ያለው ባለቤት አንዱን አቁሞ ዕቃውን ለሌላው ይፈታለታል፤ የሚጭን መኪና ሲቀንስ ደግሞ የቀረው ከአቅሙ በላይ ይጫንበታል፣ ካራማራንም በዚያው ክብደት ይወርዳል።