ከደም የሚነበብ ተራ፦ የጉበት ሕመምተኛ ቅድሚያ የሚያገኘው እንዴት ነው?

ሥር በሰደደ በሽታ ጉበቱ ለደከመ ሰው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ሕክምና ንቅለ ተከላ ነው። የሚለገሰው ጉበት ግን ከጠባቂው ቁጥር በእጅጉ ያንሳል። ታዲያ ማን ይቅደም? ቀድሞ የተመዘገበው ወይስ ለሞት የቀረበው?

በአሜሪካ እስከ 2002 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በወረፋ ላይ የቆዩበት ጊዜ ትልቅ ቦታ ነበረው። የሕመሙ ክብደትም በከፊል በሐኪሙ ግምት ይለካ ነበር፤ ሆድ ምን ያህል ውኃ ቋጥሯል? አእምሮ ምን ያህል ደክሟል? አንዱን ሕመምተኛ ሁለት ሐኪሞች ለየቅል ሊመዝኑት ይችሉ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሜልድ የተባለ፣ መነሻው ከማዮ ክሊኒክ የሆነ ስሌት ሥራ ላይ ዋለ።

ስሌቱ የተመሠረተው በሦስት የደም ምርመራዎች ነው። ቢሊሩቢን ያረጁ ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ የሚወጣ ቢጫ ቆሻሻ ነው፤ ጉበት ካላስወገደው ይከማቻል፣ ዓይንም ቢጫ ይሆናል። አይኤንአር ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ ያሳያል፤ ደም የሚያረጉትን አብዛኞቹን ፕሮቲኖች የሚሠራው ጉበት ነውና ሲደክም ቁጥሩ ይጨምራል። ክሪያቲኒን ደግሞ የኩላሊት መለኪያ ነው። ኩላሊት እዚህ ምን አገባው? ጉበት ክፉኛ ሲታመም ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ሊቀንስ ይችላል፤ ኩላሊት ከደከመ ደግሞ የሞት አደጋው በጣም ይጨምራል።

የሦስቱ ሎጋሪዝም በየራሱ ክብደት ተባዝቶ ይደመራል፤ ውጤቱ ከ6 እስከ 40 ነው። ቢሊሩቢኑ 3፣ አይኤንአሩ 1.8፣ ክሪያቲኒኑ 1.5 የሆነ ሰው 21 ያገኛል። ክሪያቲኒኑ ብቻ ወደ 3 ቢያድግ ውጤቱ 28 ይሆናል። በ2003 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ውጤታቸው ከ20 እስከ 29 ከነበረ ጠባቂዎች በሦስት ወር ውስጥ ከ100 ሃያ ያህሉ ሞተዋል፤ ከ30 እስከ 39 ከነበሩት ደግሞ ከግማሽ በላይ።

እኛ ምሕንድስና የምንማር እንደምናውቀው ግን መሣሪያ የሚለካው የሚለካውን ብቻ ነው። ክሪያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። የሴቶች ጡንቻ በአማካይ ስለሚያንስ፣ ኩላሊታቸው የወንድ ያህል ተጎድቶም ቁጥራቸው ዝቅ ሊል ይችላል። ከላይ ባለው ምሳሌ ክሪያቲኒኑ ከ1.5 ይልቅ 1.1 ቢሆን 21 የነበረው 18 ይሆናል። ስሌቱ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ ሴቶች በወረፋ ወደ ኋላ ይቀሩ ነበር።

ስሌቱ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተሻሻለ። በ2016 የደም ሶዲየም ተጨመረ። በ2023 ደግሞ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ገባ፤ ለሴቶችም 1.33 ነጥብ ተጨመረላቸው።

አንድ ነገር እንያዝ። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰዎች አማካይ ነው። ከ100 ሃያው ይሞታሉ ማለት ሰማንያው ይተርፋሉ ማለት ነው፤ አልጋ ላይ ያለው ዘመዳችን ከየትኞቹ እንደሆነ ወረቀቱ አያውቅም። አጀሉን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። የቁጥሩ ሥራ ተራን በፍትሕ ማስያዝ ነው፤ ለዚያም ቢሆን ሚዛኑ ራሱ በየጊዜው መመርመር አለበት።

አላህ ለሕሙማኖቻችን ሽፋውን ይለግሳቸው።