መኪናው አልፎ እንዳይሄድ፤ ስለ ደብረ ታቦር የመዝናኛና የችርቻሮ ንግድ

ባንድ የዕረፍት ጊዜ ከባሕር ዳር ወደ አገሬ ወደ ደብረ ታቦር በአውቶቡስ ስሄድ፣ ከአጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ላሊበላን ለመሳለም የሚጓዙ ነበሩ። ከተማው ስንደርስ ረዳቱ «ሃያ ደቂቃ ብቻ!» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ወርዶ ሻይ ጠጣ፤ አንዳንዱም ሽሮውን በጥድፊያ ጎራረሰ። እኔ ሻንጣዬን ሳወርድ ሽማግሌው «ልጄ፣ በዚህ አገር የሚታይ ነገር አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አለ እንጂ አባባ፤ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ጋፋት አለ፣ የጉና ተራራ አለ» አልኋቸው። «ታዲያ ማን ያሳየናል? የትስ አርፈን እናያለን?» አሉ። መልስ ሳላገኝ ጡሩምባው ተነፋና መኪናው ሄደ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ብዙዎቻችን የትንሽ ከተማ ንግድ የማይደረጀው ባለሀብት ስለሌለ ነው እንላለን። እንዲያ ከሆነ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ሱቅ የከፈቱት የፋርጣና የጋይንት ልጆች ከወዴት መጡ? ነጋዴ የሚሄደው ገዢ ወዳለበት ነው። ጀርመናዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ቫልተር ክሪስታለር እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ደቡብ ጀርመን ከተሞች ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ በሥርዓት አስረድቷል። ጨው፣ ክብሪትና ሳሙና ለሚሸጥ ሱቅ የአንድ ሠፈር ሰው ይበቃዋል፤ ለመጽሐፍ መደብር፣ ለሲኒማ ቤት ወይም ለደኅና ሆቴል ግን ብዙ ሺሕ ሰው ያስፈልጋል። ከዚያ ልክ በታች ሲሆን ንግዱ ይከፈትና ባመቱ ይዘጋል። ሰውም ዕቃውን ከሩቅ መግዛት ይለምዳል።

ደብረ ታቦር በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ55,000 በላይ ነዋሪ ነበራት፤ ይህ ለብዙ ዓይነት ንግድ የሚበቃ ቁጥር ነው። ነገር ግን ባሕር ዳር በ100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ስላለች፣ ለሠርግ ልብስና ለወርቅ የሚወጣው ገንዘብ ወደዚያው ይወርዳል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ባለሀብት ከየት እናምጣ?» ሳይሆን «ገዢውን በከተማው ውስጥ እንዴት እናቆየው?» የሚል ነው።

የከተማዋ ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። ደብረ ታቦርን የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ ናቸው፤ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ሆነች፣ ቴዎድሮስም ከተሙባት። የገበያዋ ገዢ ቤተ መንግሥቱና ሠራዊቱ ነበር። በአቅራቢያዋ ባለው በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ለንጉሡ ሠሩ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጥለው መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። ገዢው ሲሄድ ገበያውም አብሮት ሄደ። ባንድ ገዢ የሚኖር ከተማ ያ ገዢ ሲነሣ ይወድቃል ማለት ነው።

ዛሬስ ገዢው ማነው? አንደኛ የዞኑ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ፣ ሁለተኛ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሦስተኛ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው፣ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ የሚያልፈው መንገደኛ ነው። ሠራተኛው ደመወዙ የተወሰነ ነው። ተማሪው ክረምት ሲገባ ይበተናል። መንገደኛው ሃያ ደቂቃ ብቻ ይቆያል። እንግዲህ ሦስቱን ማደራጀት ያሻል።

ለመንገደኛው ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በዚሁ መንገድ አጠገብ፣ በፎገራ ወረዳ፣ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት የአውራምባ ማኅበረሰብ አለ። እንግዳ ወደዚያ የሄደው ፎቅ ሆቴል ስላለ አይደለም፤ የሚያየው ኑሮ፣ የሚያስረዳው ሰው፣ የሚገዛው በእጅ የተሸመነ ልብስ ስላገኘ ነው። ጋፋት የጎደለው ታሪክ ሳይሆን አስረጂ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ጥላና ማረፊያ ነው። ከጉና ግርጌ የሚበቅለው ገብስ በሶና ቆሎ ሆኖ፣ በንጽሕና ታሽጎ በመናኸሪያው ቢሸጥ፣ ሃያው ደቂቃ እንኳ ለብዙ እናቶች እንጀራ ይሆናል።

ለክረምቱ ደግሞ የከተማዋ ስም ራሱ መፍትሔ ይዟል። የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን ነው፤ ተማሪው በሌለበት ወራት መሆኑ ነው። ጥምቀት የጎንደርን ሆቴሎች እንደሚሞላ ሁሉ፣ የችቦው፣ የጅራፉና የሙልሙሉ በዓል በየአገሩ የተበተነውን ተወላጅ ለጥቂት ቀን ወደ ቤቱ ሊጠራ ይችላል። እርግጥ ዝናቡ ያስቸግራል፤ ግን ዝናብ የሚያስፈልገው ድንኳንና የተደለደለ መንገድ ነው።

የቦታው ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅም ቦታ በዋናው በጨረታ እንዲሰጥ ደነገገ። ጨረታ ለማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ያመጣል፤ ነገር ግን መጽሐፍ መደብር ወይም ሻይ ቤት ለመክፈት ያሰበ ወጣት ከብረታ ብረት ነጋዴ ጋር ተጫርቶ አያሸንፍም። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ጥቂት ክፍሎች ሠርቶ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በትንሽ ኪራይ፣ ነገር ግን በረጅም ውል ቢያከራይ ይበጃል። ውሉ አጭር የሆነበት ሰው ግድግዳውን እንኳ አያስቀባም።

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳብ ሲሰማ «ኑሮ ላልሞላለት ሕዝብ መዝናኛ ምን ያደርግለታል? ፋብሪካ ይሻለዋል» አለኝ። ፋብሪካ ቢመጣ እሰየው ነው። ነገር ግን መዝናኛ ዛሬም አለ፤ መጠጥ ቤትና ጫት ቤት ነው። የኛ ጥያቄ ወጣቱ ከነዚህ ሌላ የሚሄድበት ይኑረው አይኑረው የሚል ነው። ሆቴል በበዛ ቁጥር የቤት ኪራይ እንደሚወደድና ከባላገር የመጡ እኅቶቻችን ያለ ውል፣ ያለ ደመወዝ፣ በጉርሻ ብቻ እንዲያገለግሉ እንደሚደረግም አልክድም። ይህንን መቆጣጠር የከተማው አስተዳደር ፋንታ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሰላም ነው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወደ ደብረ ታቦር ተጠግቶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህም በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገድ እየዘጋ ንግዱን ጎድቷል። መንገድ ሲዘጋ ሃያው ደቂቃም ይቀራል።

እኛስ? በየዕረፍቱ አገራችን ገብተን «የሚታይ ነገር የለም» ብለን የምንመለስ ብዙ ነን። ሌላው ቢቀር፣ አንድ ሽማግሌ ሲጠይቁን ወደ ጋፋት መርተን የምናስረዳ እንሁን። እኔ በሚመጣው ዕረፍት ሻንጣዬን ይዤ ወዲያው ወደ ቤት አልሮጥም። የተሻለ ሐሳብ ያለው ወንድም ወይም እኅት በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።