ቢምቢን በዓሣ፦ ከሐዴራ ረግረግ እስከ ጓሮ ኩሬ

የእስራኤሏ ከተማ ሐዴራ በ1891 የተቆረቆረችው ረግረግ አጠገብ ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወባ በመጀመሪያዎቹ 20 ዓመታት ከ200 በላይ ሰፋሪዎቿን ፈጀ። ረግረጉ በቦይ ተንጣፍፎ ባሕር ዛፍ ተተከለበት፤ በ1920ዎቹም ተመራማሪው እስራኤል ክሊግለር ቢምቢን ከመራቢያዋ የማጥፋት ዘመቻ መራ። ወባው ከአገሩ ቢጠፋም ቢምቢዋ አልጠፋችም። ዛሬ የሚፈራው ኩሌክስ የተባለችው ቢምቢ የምታስተላልፈው የምዕራብ ናይል ትኩሳት ነው፤ በ2000 በእስራኤል ከ400 በላይ ሰዎችን አሟል።

የኩሌክስ እጭ ውኃ ውስጥ ቢኖርም የሚተነፍሰው አየር ነው። ጭራው ላይ ያለውን ቀጭን ቱቦ ከውኃው ገጽ አስጠግቶ፣ ራሱን ቁልቁል ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ዓሣ በቀላሉ የሚለቅመውም እዚያው ነው።

ለዚህ ሥራ በዓለም ዙሪያ የታወቀው ከአሜሪካ የመጣው ጋምቡዚያ የተባለው ዓሣ ነው። ሴቷ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ አፏ ወደ ላይ የተቀለበሰ ነው፤ እንቁላል ሳትጥል ግልገል ስለምትወልድ ቶሎ ትባዛለች። ጉዳቷም ከዚሁ ይመነጫል፦ ወደ ወንዝና በዝናብ ወደሚሞሉ ኩሬዎች ከገባች የእንቁራሪት እንቁላልና ግልገል ትበላለች፣ አገር በቀል ዓሦችንም ትገፋለች። ስለዚህ በእስራኤል ለጌጥ ኩሬ የሚመከረው አፋኒየስ ሜንቶ የተባለው የአገሬው ትንሽ ዓሣ ነው።

የዚህ ዓሣ ዘመድ በእኛም አካባቢ ተሞክሯል። አሰብ በኢትዮጵያ ሥር ሳለች የተደረገና በ1992 የታተመ ጥናት፣ አፋኒየስ ዲስፓር የተባለው የአካባቢው ዓሣ ጉድጓድና የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ሲገባ እጭን እንደሚቀንስ አሳይቷል።

እጭ መቀነስና በሽታ መቀነስ ግን አንድ አይደሉም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት በ2017 ያወጣው የጥናቶች ግምገማ፣ ዓሣ ወባን ስለመቀነሱ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ዓሣው የሚረዳው ዓመቱን ሙሉ ውኃ በሚይዝ ኩሬ ነው፤ የአበባ ማሰሮ ሥር ያለ ሳህን፣ የተጣለ ጎማና ባልዲ መደፋት ብቻ ነው መድኃኒታቸው። ዓሣ ለማይኖርበት ውኃ በ1976 በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ የተገኘው ቢ.ቲ.አይ. የተባለው ባክቴሪያ አለ፤ እጩ ሲበላው አንጀቱ ይበጣጠሳል።

ኩሬ ያለው ሰው ዓሣው ጥግ ድረስ እንዲደርስ ዳር ዳሩን የሚበቅለውን ሣር ያሳሳ፤ የተረፈውን ዓሣ ግን ወደ ሐዴራ ወንዝ አይልቀቅ።