መነበብ ያቆመው የወተት ጂን

«ወተት ሆዴን ይነፋኛል» የሚል ሰው በየቤቱ አይጠፋም። ያው ሰው ሕፃን ሳለ ግን ወተት ብቻ ጠጥቶ ነው የወፈረው። በመካከሉ ምን ተለወጠ? ጂኑ አልጠፋም፣ አልተበላሸም፤ መነበብ ነው ያቆመው።

የወተት ስኳር ላክቶስ ይባላል። ሁለት ስኳሮች የተጣመሩበት ስለሆነ እንዳለ ወደ ደም አያልፍም፤ ለሁለት የሚከፍለው ላክቴዝ የተባለ ፕሮቲን ነው። ላክቴዝ እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈው በ2ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ 50 ሺህ ያህል የዲኤንኤ ፊደላትን በያዘ ጂን ውስጥ ነው። ጽሑፉ በጉበትም በዓይንም ህዋስ ውስጥ ሳይጎድል ይገኛል። ሥራ ላይ የሚውለው ግን በትንሹ አንጀት ግድግዳ ነው።

ዲኤንኤው ራሱ ከህዋሱ አስኳል አይወጣም። አንድ ኢንዛይም ጥምዝ ክሩን ከፈት እያደረገ ፊደል በፊደል ወደ አርኤንኤ ይቀዳዋል። ቅጂው ወዲያው አይላክም፤ አብዛኛው ክፍሉ ተቆርጦ ይጣልና የቀሩት 17 ቁራጮች ይገጣጠማሉ። ከ50 ሺህ ፊደል የሚተርፈው 6 ሺህ ያህሉ ብቻ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ፤ አንድ ቁራጭ በአንዲት ፊደል ተዛንፎ ቢገጠም ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ይፋለሳል።

የታረመውን ቅጂ የሚቀበለው ራይቦዞም ነው። የሚያነበው ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ነው። «ኤዩጂ» ሲያይ ሜቲዮኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ አስቀምጦ ይጀምራል። ትንንሽ ተሸካሚ አርኤንኤዎች ተራ በተራ ተገቢውን አሚኖ አሲድ ያቀብሉታል፣ እሱም ይቀጥላል። «አቁም» የሚል ምልክት እስኪደርስ 1,927 አሚኖ አሲዶች ይያያዛሉ። ሰንሰለቱ ተጣጥፎ፣ ትርፉ ተከርክሞ፣ በአንጀቱ ገጽ ላይ ወተት ይጠብቃል። የአንጀት ግድግዳ ህዋስ ዕድሜው ጥቂት ቀናት ስለሆነ ሥራው ሁልጊዜ በአዲስ ህዋስ እንደገና ይጀመራል።

ጡት ከተጣለ በኋላ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ይህ ንባብ እየደከመ ይሄዳል። ያልተከፈለው ላክቶስ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ የሆድ ንፋቱ ከእነሱ ጋዝ ነው። እርጎ ለብዙዎች የሚቀለውም ባክቴሪያዎች ከስኳሩ ከፊሉን ቀድመው ስለሚጨርሱት ነው።

ካደጉም በኋላ ወተት የሚስማማቸውስ? እ.ኤ.አ. በ2002 የፊንላንድ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን ዘንድ ምክንያቱን ሲያገኙ፣ ያገኙት ላክቴዝ ጂን ውስጥ አልነበረም። ከጂኑ መነሻ 13,910 ፊደል ርቆ፣ በጎረቤት ጂን ውስጥ፣ «ሲ» የነበረች አንዲት ፊደል «ቲ» ሆና ነው። ንባብ የሚያስጀምሩ ፕሮቲኖች እዚያች ቦታ ላይ አጥብቀው ስለሚይዙ ጂኑ እንደተከፈተ ይቆያል። በኢትዮጵያ ደግሞ በዚያችው ጠባብ ሰፈር አንድ ሳይሆን በርካታ ለውጦች ተገኝተዋል። በአፋሮችና በሱዳን ቤጃዎች ዘንድ ያለው አንዱ 13,907ኛዋ ፊደል ላይ ነው፤ ከአውሮፓው ሦስት ፊደል ብቻ ፈቀቅ ብሎ።