በመካነ ሰላም አካባቢ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን በግል መድኃኒት ቤት በኩል ስለ ማደል

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ላይ ትገኛለች። ከእርስዋ ወዲያ አገሩ እየተሸረሸረ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። የገጠሩ ሰው ከተማ ለመድረስ ወንዝና ገደል ስለሚያቋርጥ መንገዱን የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ በየቀኑ መድኃኒት መዋጥ ያለበት ሰው በእንዲህ ያለ አገር መድኃኒቱን ከየት ቢቀበል ይሻለዋል የሚለውን ጥያቄ ነው።

አስቀድመን ስለ መድኃኒቱ ጠባይ ጥቂት መናገር ይገባል። ይህ መድኃኒት ቫይረሱ እንዳይራባ ይገታዋል እንጂ በሰውነት ውስጥ የተሸሸገውን ነቅሎ አያወጣውም። ስለዚህ ሰው መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ቫይረሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደገና ይበዛል፤ አንድ ቀን እየዋጠ አንድ ቀን የሚያልፍ ከሆነም ቫይረሱ መድኃኒቱን መቋቋም ሊጀምር ይችላል። አሁን በብዛት የሚታዘዘው ዶሉቴግራቪር ያለበት ኪኒን ሦስት መድኃኒቶችን ባንድነት የያዘ ስለ ሆነ በቀን አንድ ብቻ ይዋጣል። አወሳሰዱ ቀሏል፤ አስቸጋሪ ሆኖ የቀረው ኪኒኑን እጅ ማስገባቱ ነው።

በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በነጻ መታደል የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ በሆስፒታል፣ ቆይቶም በጤና ጣቢያ ይሰጥ ነበር፤ ሕመምተኛውም በየወሩ ወይም በየሁለትና በየሦስት ወሩ ይመላለስ ነበር። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ግን ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ተለክቶ ዝቅ ብሎ የተገኘለት ሰው የስድስት ወር መድኃኒት ባንድ ጊዜ ይዞ እንዲሄድ ተፈቀደ። ለደጋው ገበሬ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ በየጊዜው ይወጣው የነበረው ዳገት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ሆኖለታል።

እንግዲህ የግል መድኃኒት ቤት ለምን አስፈለገ? አሳቡ በአንድ ላይ ተጣብቀው የኖሩትን ሁለት ሥራዎች መለየት ነው። ምርመራው፣ የደም ልኬቱና የመድኃኒት ለውጡ በሆስፒታል ይቀራል፤ መድኃኒቱን ቆጥሮ መስጠቱ ግን ሕመምተኛው ለመረጠው መድኃኒት ቤት ይተላለፋል። በናይጄሪያ ከ2009 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በአቡጃና በሌሎችም ስፍራዎች ይህ ተሠርቶበታል። በአገራችን መድኃኒቱ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚታደለው በመንግሥት ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ነው።

ብዙ ሰው ይህን አሳብ ሲሰማ በሩቅ ቀበሌ ያለው ገበሬ የሚጠቀም ይመስለዋል። እኛ ግን እንዲህ አናስብም። ፋርማሲና መድኃኒት መደብር የሚከፈተው ገዢ ባለበት ከተማ ነው፤ ገበሬው ያው መካነ ሰላም ድረስ መምጣቱ አይቀርለትም። ለእርሱ የስድስት ወሩ ቀጠሮ ይበልጥበታል። የግል መድኃኒት ቤት የሚጠቅመው ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒት የሚደብቅበት ቦታ ለሌለው ሰው ነው። በሰው ቤት የተቀጠረች ሠራተኛ፣ ለባልዋ ገና ያልነገረች ሴት፣ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድር ተማሪ ይህን ሁሉ ብልቃጥ የት ያኖሩታል? ብልቃጡ ሲነካ ይንኳኳል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ብልቃጡን ጥሎ ኪኒኑን በጨርቅ ይቋጥራል። በብልቃጡ ውስጥ ያለችው ትንሽ ከረጢት ግን እርጥበት እንድትመጥ የተደረገች ናት፤ በጨርቅ የተቋጠረ ኪኒን በክረምት ይበላሻል።

ከዚህም በላይ የሆስፒታሉ ክፍል በር ራሱ ይናገራል። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ለምን እንደ ተቀመጠ ያየው ሁሉ ያውቃል፤ ከዚህ የተነሣ በአቅራቢያው ያለውን ትቶ ራቅ ወዳለ ከተማ የሚሄድ አለ። ወደ መድኃኒት መደብር የገባ ሰው ግን ለራስ ምታትም ለልጁ ሳልም ሊሆን ይችላል። መደብሩ ማታም፣ እሑድም፣ በገበያም ቀን ክፍት ነው። በሌላ በኩል በትንሽ ከተማ ባለ መደብሩ ጎረቤት፣ የዕድር አባል፣ ምናልባትም የክርስትና አባት ነው። ሕመምተኛው መደብሩን ራሱ ይምረጥ የምንለውም ስለዚህ ነው፤ ቢያሻው በአቀስታ ወይም በደሴ ያለውን ይምረጥ።

ስለ ገንዘቡም መናገር ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በነጻ ስለሚታደል ባለ መደብሩ ከእርሱ ትርፍ አያገኝም፤ ጊዜውንና መደርደሪያውን ግን ይወስድበታል። በአቡጃ በተደረገው ሙከራ ሕመምተኛው በየመቀበያው 1000 ናይራ ለመደብሩ ይከፍል ነበር። በእኛ አገር በነጻ የኖረውን ነገር ለመቀበል ገንዘብ መጠየቅ ደኻውን ወደ ኋላ የሚመልስ ነው ብለን እናምናለን፤ የሚከፈል ነገር ካለ መንግሥት ቢከፍለው ይሻላል።

መደብር በበዛ ቁጥር መድኃኒት አይጠፋም ብሎ የሚያስብም ይሳሳታል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ በዚያ የነበረው የመድኃኒት አቅርቦት ቅርንጫፍ ሊሠራ አልቻለም፤ ከተማዪቱም የተለቀቀችው በኅዳር መጨረሻ ነው። ሆስፒታሉም መደብሩም የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚተርፈው በቤቱ መድኃኒት ያከማቸው ነው፤ የመደብሩ ደንበኛ ግን የሁለትና የሦስት ወር ብቻ ስለሚይዝ ቀድሞ ይቸገራል።

አንድ ሥራ ደግሞ ለባለ መደብሩ ሊተላለፍ አይገባም፤ እርሱም የቀረውን ሰው መፈለግ ነው። ሕመምተኛ በቀጠሮው ሲቀር ከሆስፒታል ስልክ የሚደውልለት ሰው አለ፤ ባለ መደብሩ ግን መደብሩን ዘግቶ ፍለጋ አይወጣም፣ ቢወጣም ምስጢር ይገልጣል። ስለዚህ የተቀበሉትና የቀሩት በስም ሳይሆን በቁጥር ተጽፈው በየሳምንቱ ለሆስፒታሉ ይላኩ፤ ቁጥሩ የማን እንደ ሆነ የሚያውቀው መዝገብም ከሆስፒታሉ አይውጣ።