ስለ አሮጌ የቤት ኮምፒዩተሮች መለዋወጫ ንግድ

አንድ ዕቃ በፋብሪካ መሠራቱ ከቀረ ንግዱም አብሮ የሚያከትም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የመለዋወጫ ነጋዴ ግን ነገሩ እንዲህ እንዳልሆነ ያውቃል። ፋብሪካው ሲዘጋ የሚዘጋው የአዲሱ ዕቃ ገበያ ነው፤ የመለዋወጫው ገበያ ያን ጊዜ ይከፈታል። መሠራታቸው ከቀረ ብዙ ዓመት ያለፋቸው መኪናዎች በአዲስ አበባ መንገዶች እስከ ዛሬ የሚሽከረከሩት፥ ቁራጩን ከያለበት ፈልጎ የሚያቀርብ ነጋዴ በመኖሩ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካም ይህንኑ የሚመስል ንግድ አለ፤ ይኸውም ከ40 ዓመት በፊት በየቤቱ ይገቡ ለነበሩት ኮምፒዩተሮች መለዋወጫና ተጨማሪ ማስታወሻ የማቅረብ ሥራ ነው። ሥራው ትንሽ ቢመስልም ለማንኛውም የመለዋወጫ ነጋዴ የሚጠቅም ትምህርት ይገኝበታል።

መሣሪያዎቹና ገዢዎቻቸው

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አፕል ሁለት የተባለው የአሜሪካ ኮምፒዩተር በ1977 ለገበያ ቀረበ። በ1982 ደግሞ ኮሞዶር 64 በአሜሪካ፥ ሲንክሌር ስፔክትረም በእንግሊዝ አገር ወጡ። የኋለኞቹ ሁለቱ በተለይ ለቤተሰብ የታሰቡ ስለ ነበሩ ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዘው ልጆች ይጫወቱባቸው፥ ፕሮግራም መጻፍም ይማሩባቸው ነበር። በሚሊዮን የሚቈጠሩ ቢሸጡም ኩባንያዎቹ አልሰነበቱም። ሲንክሌር የኮምፒዩተር ንግዱን በ1986 ለአምስትራድ ኩባንያ በ5 ሚሊዮን ፓውንድ አስተላለፈ፤ ኮሞዶርም በ1994 ከሰረ። ስለዚህ ለነዚያ መሣሪያዎች ዋስትና የሚሰጥ የቀድሞ ፋብሪካ ዛሬ አይገኝም።

ገዢዎቹ በልጅነታቸው የተጫወቱበትን መሣሪያ እንደገና ሕያው አድርገው ለማየት የሚፈልጉ ጎልማሶች፥ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች፥ የቴክኒክ ሙዚየሞችና በአሮጌ ካሴትና ዲስክ ላይ የቀረ ሥራቸውን ለማውጣት የሚሹ ሰዎች ናቸው። ከነዚህ አብዛኞቹ ዕቃውን የሚወዱት ሲሆኑ የኤሌክትሪክ ዕውቀታቸው ግን ከሰው ሰው ይለያያል። የነጋዴው ኀላፊነት የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

ማስታወሻ እንዴት ይጨመራል?

ማስታወሻ ወይም ሜሞሪ የሚባለው ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ ሳለ ጽሑፍና ትእዛዝ የሚያኖርበት ክፍል ነው። ኀይሉ ሲቋረጥ የያዘው ሁሉ ይጠፋል። መጠኑ በኪሎባይት ይለካል፤ አንድ ኪሎባይት 1,024 የላቲን ፊደላትን ይይዛል። በዚያ ዘመን ማስታወሻ ምን ያህል ውድ እንደ ነበረ ለመረዳት የአፕል ሁለትን ዋጋ መመልከት ይበቃል። 4 ኪሎባይት ያለው 1,298 ዶላር ሲሸጥ፥ 48 ኪሎባይት ያለው 2,638 ዶላር ነበር። ከእጥፍ በላይ የሆነው ዋጋ የመጣው ከማስታወሻው ልዩነት ነው።

ስፔክትረም ሲወጣ ባለ 16 ኪሎባይቱ 125 ፓውንድ፥ ባለ 48ቱ 175 ፓውንድ ነበረ። አነስተኛውን የገዛ ሰው በኋላ ሊያሳድገው ይችላል፤ በሰሌዳው ላይ ለዚሁ ተብለው የተተዉ 12 ባዶ ቦታዎች አሉና። በ8ቱ የማስታወሻ ቺፖች፥ በ4ቱ ደግሞ የማስታወሻውን አድራሻ የሚመሩ ትንንሽ ቺፖች ይገባሉ።

የነዚያ 8 ማስታወሻዎች ታሪክ ለነጋዴ አስደናቂ ነው። ሲንክሌር ወጪ ለመቈጠብ ሲል ግማሽ ክፍላቸው የተበላሸባቸውን ቺፖች በርካሽ ይገዛ ነበር። እያንዳንዱ ቺፕ ሲሠራ 64 ኪሎቢት እንዲይዝ የታሰበ ሲሆን፥ በፋብሪካው ምርመራ ግማሹ ጉድለት ስለ ተገኘበት ባለ 32 ተብሎ ተሸጠ። የተበላሸው ግማሽ በአንዳንዱ የላይኛው፥ በአንዳንዱ የታችኛው ነው። ሁለቱ ወገኖች ተለያይተው ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ በሰሌዳው ላይ ያለች አንዲት አጭር ሽቦም የትኛው ግማሽ እንደሚሠራ ታመለክታለች። 8ቱም ቺፖች ከአንድ ወገን መሆን አለባቸው፤ ከተደባለቁ ማስታወሻው አይሠራም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጎደሎ ዕቃ ጉድለቱ ታውቆና ተለይቶ ከተሸጠ በቦታው ሙሉ አገልግሎት ይሰጣል፤ ጉድለቱ ተሰውሮ የተሸጠ ዕቃ ግን ሌላውን ደኅና ዕቃ ያሰናክላል። ዛሬ ብዙ ነጋዴዎች በግማሾቹ ምትክ ሙሉ ባለ 64ቱን ቺፕ ያቀርባሉ፤ እርሱ ሽቦዋ በየትኛውም ወገን ብትሆን ይሠራልና የገዢውን ድካም ያቀላል።

ቁራጩን ከነምክንያቱ መሸጥ

በዚህ ንግድ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ዕቃውን ማግኘት አይደለም፤ የቀድሞው ዕቃ ለምን እንደ ተበላሸ ማወቅ ነው። በስፔክትረም ውስጥ የመጀመሪያውን 16 ኪሎባይት የሚይዙት 4116 የሚባሉ 8 ቺፖች በሦስት ዓይነት ኀይል ይሠራሉ፤ ይኸውም በ5 ቮልት፥ በ12 ቮልትና ከዜሮ በታች በሆነ 5 ቮልት ነው። ከዜሮ በታች ያለው ኀይል ተቋርጦ የቀሩት ከቀጠሉ ቺፖቹ ይቃጠላሉ። ይህን ኀይል ከሚያመነጨው ክፍል አንዲት ትራንዚስተር ስትበላሽ ማስታወሻው አብሮ የሚጠፋው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ገዢው መጥቶ ማስታወሻ ብቻ ቢጠይቅና ነጋዴው ሳይመረምር ቢሸጥለት፥ አዲሶቹ ቺፖች ኀይል በተለቀቀባቸው ጊዜ እንደ ቀድሞዎቹ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ገዢው ገንዘቡን ያጣል፤ ነጋዴውም ስሙን ያጣል። ብልህ ነጋዴ ግን አስቀድሞ ሦስቱ ኀይሎች በቴስተር ተለክተው እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ካልተለኩም ትራንዚስተሯንና ማስታወሻውን አንድ ላይ አድርጎ፥ ከአሠራሩ ማብራሪያ ጋር ያቀርባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

የኮሞዶር 64 ጉዳይም ይህን ይመስላል። ከመሣሪያው ጋር ይሸጥ የነበረው የኀይል ሳጥን ውስጡ በደረቅ ሙጫ የተሞላ ስለ ሆነ ከፍቶ ማደስ አስቸጋሪ ነው። ዘመን ሲበዛበት 5 ቮልቱን የሚቈጣጠረው ክፍል ይደክምና ኀይሉ ከልኩ በላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ብዙ ጊዜ ቀድመው ከሚጎዱት መካከል የማስታወሻ ቺፖች ይገኛሉ። ስለዚህ ለዚህ መሣሪያ ማስታወሻ የሚሸጥ ሰው አዲስ የኀይል ሳጥን፥ ወይም ኀይሉ ከልክ ሲያልፍ የሚቋርጥ መከላከያ እንዲገዛ ደንበኛውን መምከሩ ትርፍ ፍለጋ ሳይሆን ግዴታው ነው።

በ1987 የወጣው አሚጋ 500 ደግሞ 512 ኪሎባይት ይዞ ይመጣ ነበር። ኤ501 የተባለው ካርድ ከሆዱ በኩል ባለው ክዳን ሲገባ መጠኑ እጥፍ ይሆናል፤ ብየዳም አይጠይቅም። ነገር ግን ሰዓቱን የሚያስኬደው ባትሪ በካርዱ ላይ ስላለ፥ በዘመን ብዛት ፈሳሹ ወጥቶ የመዳቡን መስመሮች ይበላል። እንዲህ ያለውን ካርድ ባትሪው ሳይነቀልና ሰሌዳው ሳይጸዳ መሸጥ ጥፋትን አሽጎ መላክ ማለት ነው።

ዕቃው ከወዴት ይገኛል?

ዕቃው የሚገኝባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

1ኛ፤ ከፋብሪካ ወጥቶ ሳይሸጥ በመጋዘን የቀረ ዕቃ። ይህ ውድ ነው፤ ያልተነካ በመሆኑ ብቻ ግን ደኅና ነው ማለት አይደለም። ባትሪና አንዳንድ ካፓሲተሮች ሥራ ሳይሠሩም ያረጃሉ።

2ኛ፤ ከተበላሹ መሣሪያዎች የተፈታ ዕቃ። እዚህ ላይ የነጋዴው ጥበብ የሚታየው በአፈታቱ ነው። ከመጠን በላይ የጋለ ብየዳ የሰሌዳውን መስመር ይገነጥላል፥ ቺፑንም ይጎዳል።

3ኛ፤ ዛሬ በአዲስ የሚሠራ ምትክ። ለስፔክትረም የፊደል መምቻው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን እየደረቀ ስለሚሰበር አዲስ እየተሠራ ይሸጣል። በ4116 ቺፖች ቦታ ገብቶ 5 ቮልት ብቻ የሚፈልግ የማስታወሻ ሰሌዳም ይገኛል።

ሦስቱም ሕጋዊ ንግድ ናቸው። ጥፋቱ አንዱን በሌላው ስም መሸጥ ነው። የኮሞዶር 64 የድምፅ ቺፕ፥ ማለት ሲድ 6581፥ መሠራቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ስለ ሆነና ስለሚፈለግ ዋጋው ከፍ ብሏል። በዚህም የተነሣ የሌላ ቺፕን ጽሑፍ ፍቀው የዚህን ቁጥር የሚያትሙ አታላዮች ተነሥተዋል። አዲስ የተሠራውን ምትክ ምትክ መሆኑን ገልጦ የሚሸጥ ሰው ገዢ አያጣም፤ ድምፁ ለብዙዎች ይበቃልና። የሐሰቱን ቺፕ እውነተኛ ብሎ የሚሸጥ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይሸጣል።

የአቅርቦቱም በር እየጠበበ ይሄዳል። የስፔክትረም ልብ የሆነውን ዜድ 80 ቺፕ ዛይሎግ ኩባንያ በ1976 አውጥቶ ለ48 ዓመታት ያህል ካቀረበ በኋላ፥ ለቀሩት የዚህ ቺፕ ዓይነቶች የመጨረሻ ትእዛዝ የሚቀበለው እስከ ጁን 2024 መሆኑን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በገበያው የሚዞረው በየመጋዘኑ የተረፈው ነው።

የአሠራር ደንብ

ስለዚህ በዚህ ሥራ የሚሰማራ ሰው የሚከተለውን ቢያጸና ይበጀዋል። እያንዳንዱን ቺፕ በሚሠራ መሣሪያ ላይ አስገብቶ ለጥቂት ደቂቃ ሳይሆን ለሰዓታት ይፈትነው፤ አንዳንዱ ብልሽት የሚታየው ዕቃው ሲሞቅ ነውና። በመጠቅለያው ላይ ከሦስቱ ምንጮች ከየትኛው እንደ ተገኘ፥ መቼ እንደ ተፈተነና ለየትኛው የሰሌዳ ዓይነት እንደሚስማማ ይጻፍበት። ከልብስና ከገላ የሚነሣው የማይታይ ኤሌክትሪክ ቺፕ ስለሚያበላሽ፥ በተራ ፕላስቲክ ሳይሆን ለዚሁ በተሠራ ከረጢት ወይም ጥቁር ስፖንጅ ይጠቅልል። የመመለሻ ቀን ወስኖ በጽሑፍ ያሳውቅ። ዋጋውንም ሲተምን የቺፑን ብቻ ሳይሆን የመፈተኑን ድካም ይቍጠር፤ ገዢው በእርግጥ የሚከፍለው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስገድድ አንድ ምክንያት አለ። የነዚያ መሣሪያዎች ቁጥር ከእንግዲህ አይጨምርም። አንዱ በተሳሳተ ቁራጭ በተቃጠለ ቁጥር ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የሙያው ነጋዴ ሁሉ አንድ ደንበኛ ያጣል፤ አንዱ በታመነ ቁራጭ በዳነ ቁጥር ደግሞ ለሚመጡት ዓመታት ሌላ መለዋወጫ የሚፈልግ ደንበኛ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ገበያ ታማኝነት ጌጥ ሳይሆን ዋናው የንግድ ካፒታል ነው።